ኦፒየም፣ ሞርፊንና የመንግሥታት ገቢ፦ የዕፅ ቁጥጥር ሕግ ከየት መጣ?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ካርቶን የሞርፊን መርፌ ከአውሮፓ ፋብሪካ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንዱን የሚሰጠው የገዢው አገር መንግሥት ነው፣ ሌላውን የሻጩ አገር መንግሥት። በሁለቱም ላይ መጠኑ በክብደት ይጻፋል። ይህ መጠን አገሪቱ ለዓመቱ ያስፈልገኛል ብላ ቪየና ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ቦርድ ካስመዘገበችው ቁጥር ማለፍ አይችልም። አሠራሩ የዛሬ መቶ ዓመት ጄኔቫ ላይ የተነደፈ ሲሆን በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ስለ ዕፅ ክልከላ ሲወራ አብዛኛው ሰው ፊት የሚመጣው ፖሊስና እስር ቤት ነው። ሥርዓቱ ሲጀመር ግን በአመዛኙ የሒሳብ ሥራ ነበር፤ ምን ያህል ተመረተ፣ ማን ገዛ፣ የት ደረሰ የሚል። የትኛው ነገር ተቆጥሮ የትኛው እንደሚታለፍ የተወሰነው ደግሞ በድርድሩ ላይ በተቀመጡት መንግሥታት ገቢና ንግድ ነው። የሕክምና ሳይንስ ድርሻ የነበረው ቢሆንም የመሪነቱን ቦታ አልያዘም።

ኦፒየም የመንግሥት ሸቀጥ ሳለ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሕንድ አስተዳደር በቤንጋል የኦፒየምን፣ ማለትም ሞርፊን የሚወጣበትን የፖፒ ተክል ሙጫ፣ ምርት በሞኖፖል ይዞት ነበር። ገበሬው አስቀድሞ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ምርቱን ለመንግሥት ያስረክባል፤ ኦፒየሙ 63 ኪሎ ገደማ በሚይዝ ሣጥን ታሽጎ ካልካታ ላይ በጨረታ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ቻይና የሚያስገቡት የግል ነጋዴዎች ናቸው፤ መንግሥት እጁን አላስገባም ለማለት ያመቸው ዘንድ። ቻይና ንግዱን ከልክላ ስለነበር የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ሹም ሊን ዘሹ በ1839 ከ20,000 በላይ ሣጥን ወርሰው ሁመን በተባለ ቦታ አስወገዱ። እንግሊዝ በጦርነት መለሰች። ከሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት ጋር ንግዱ ቀረጥ የሚከፈልበት ሕጋዊ ንግድ ሆነ፤ ቻይናውያን ገበሬዎችም ራሳቸው በሰፊው ማምረት ጀመሩ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የዓለም ምርት በዓመት 41,000 ቶን ገደማ ይገመት ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 35,000 ያህሉ የቻይና ነው። ከዓለም ሕገ ወጥ ኦፒየም አብዛኛውን ስታመርት የቆየችው አፍጋኒስታን በ2022 ያመረተችው 6,200 ቶን ገደማ መሆኑን ያስታውሱ።

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ቅኝ ገዢዎች የኦፒየም መሸጫ መብትን ለአንድ ተጫራች በኮንትራት እየሰጡ ኪራዩን ይሰበስቡ ነበር። ሲንጋፖርንና ፔናንግን በሚያጠቃልለው የእንግሊዝ ግዛት ከአጠቃላይ ገቢው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከኦፒየም የሚመጣባቸው ዓመታት ነበሩ። በኋላ በየጉባኤው «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ለምን በስምምነቱ ውስጥ እንደሚሸጎጥ ለመረዳት ይህን ቁጥር መያዝ ይበቃል።

ከማኒላ ወደ ሻንጋይ

አሜሪካ በ1898 ፊሊፒንስን ከስፔን ስትወስድ የኦፒየም ኮንትራቱንም አብራ ወረሰች። የደሴቶቹ አስተዳደር በ1903 ኮንትራቱን ሊቀጥለው ሲሰናዳ ሚስዮናውያን ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተቃውሞ ቴሌግራም አጎረፉ፤ ረቂቁ ወደቀ። በምትኩ የኤጲስ ቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ቻርልስ ብሬንት ያሉበት አጥኚ ኮሚሽን ወደ ጃፓን፣ ፎርሞሳ (የዛሬዋ ታይዋን)፣ ሻንጋይ፣ ሳይጎን፣ ሲንጋፖር፣ በርማና ጃቫ ተላከ። ኮሚሽኑ የወደደው የጃፓንን የፎርሞሳ አሠራር ነው፤ መንግሥት ብቻ ይሽጥ፣ ሱሰኛው ይመዝገብ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ይዘጋ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1905 ለፊሊፒናውያን ወዲያውኑ፣ ለሌላው ሁሉ ደግሞ ከመጋቢት 1 ቀን 1908 ጀምሮ ከሕክምና በቀር ከለከለ።

ችግሩ ጂኦግራፊ ነው። ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴት ነች፤ በዙሪያዋ ያሉት ወደቦች ሁሉ ኦፒየም በሕግ ይሸጣሉ። የአንድ ግዛት ክልከላ ያለ ጎረቤት ክልከላ ኮንትሮባንድ ብቻ እንደሚያተርፍ ብሬንት ስለገባቸው በ1906 ለሩዝቬልት ዓለም አቀፍ ስብሰባ እንዲጠራ ጻፉ። ዋሽንግተን ሐሳቡን የወደደችው ለሌላም ምክንያት ነው፤ በአሜሪካ ይደርስባቸው በነበረው በደል ተቆጥተው ሸቀጧን ባገዱት ቻይናውያን ዘንድ ስሟን ማደስ ፈልጋለች። በዚያው ዓመት የቻይና መንግሥት ኦፒየምን በ10 ዓመት ለማጥፋት አዋጅ አወጣ። እንግሊዝም ከሕንድ የምትልከውን በየዓመቱ በአንድ አሥረኛ ለመቀነስ ተስማማች።

የሻንጋዩ ኮሚሽን በየካቲት 1909 ሲሰበሰብ 13 አገሮች ተገኙ፤ ሰብሳቢው ብሬንት ነበሩ። ውሳኔዎቹ ማንንም አያስገድዱም። አንድ የሚያሳፍር ጉድለት ነበር፤ ሌሎቹን ልታስተምር የመጣችው አሜሪካ ራሷ በፌዴራል ደረጃ የኦፒየም ክልከላ ሕግ አልነበራትም። ስለዚህ ጉባኤው ገና ሳይበተን የሚጨስ ኦፒየም እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ ጸደቀ። የተመረጠው ቻይናውያን ስደተኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። ሳን ፍራንሲስኮም በ1875 የኦፒየም ማጨሻ ቤቶችን ስትዘጋ ዓይኗ እነሱው ላይ ነበር። የነጭ አሜሪካውያን ሴቶች በጠርሙስ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት የኦፒየም ቲንክቸር (በአልኮል የተበጠበጠ ኦፒየም) በ1909ኙ ሕግ አልተነካም።

ሄግ ላይ የገባው አንቀጽ

አስገዳጁ ስምምነት በጥር 1912 ሄግ ላይ በ12 አገሮች ተፈረመ። ድርድሩን ማየት ያዝናናል። እንግሊዝ ኦፒየም ብቻዋን ተጠያቂ እንዳያደርጋት ሞርፊንና ኮኬይን ካልተጨመሩ አልመጣም አለች። ይህ ደግሞ ጀርመንን ነካ፤ ሞርፊንና ኮኬይን በብዛት የሚያመርቱት የእሷ ፋብሪካዎች ነበሩ፣ ሄሮይንንም በ1898 ለሳል መድኃኒትነት ገበያ ያወጣው ባየር ነው። ጃቫ ላይ የኮካ ተክል፣ አምስተርዳም ላይ የኮኬይን ፋብሪካ የነበራት ሆላንድም ጥንቃቄ አበዛች። ጣሊያን ካናቢስ (ሐሺሽ የሚሠራበት ተክል) ይጨመር አለች፤ የሰማት አልነበረም።

ውጤቱ ለሁለት የተከፈለ ነው። ለሚጨሰው ኦፒየም «ቀስ በቀስ ማጥፋት» የሚል ቀነ ገደብ የሌለው ግዴታ ተጻፈ። ለሞርፊን፣ ለሄሮይንና ለኮኬይን ደግሞ አምራቹም ሻጩም ፈቃድ እንዲኖረው፣ አገልግሎቱም ለሕክምናና ለሕጋዊ ዓላማ ብቻ እንዲወሰን አገሮች «የተቻላቸውን እንዲጥሩ» ተባለ። ጀርመን በዚህ ላይ አንድ አንቀጽ አስገባች፤ ጉባኤው ላይ ያልነበሩት 34 አገሮች ሁሉ ካልፈረሙ ስምምነቱ አይጸናም የሚል። መከራከሪያዋ ከውጭ የቀረ አገር ሁሉ የፋብሪካ መሸሸጊያ ይሆናል የሚል ሲሆን፣ እውነትነት ያለው መሆኑ በኋላ ታይቷል። በተግባር ግን አንቀጹ የማዘግያ መሣሪያ ሆነ፤ ዋነኛ የኦፒየም አምራች የነበረችው ቱርክ አልፈርም ካለች ነገሩ ተዘጋ።

የፈታው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ጀርመን በ1919 ቬርሳይ ላይ በፈረመችው የሰላም ውል ውስጥ አንቀጽ 295 ተሰክቶ ውሉን ያጸደቀ አገር የሄጉንም እንዳጸደቀ ይቆጠራል ተባለ። የዕፅ ቁጥጥር ዓለም አቀፍ ሕግ የሆነው በጦር ካሳና በድንበር አንቀጾች መሐል ተሸጉጦ ነው ማለት ነው። እንግሊዝና ጀርመን የራሳቸውን ዝርዝር ሕግ በ1920 አወጡ።

የሃሪሰን ሕግ፦ በግብር ስም

አሜሪካ የሄግን ግዴታ የፈጸመችበት መንገድ ለብቻው መታየት አለበት። የፌዴራሉ መንግሥት የሐኪምን ሥራ የመቆጣጠር ሥልጣን አልነበረውም፤ ያ የክልሎቹ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ 1914 የጸደቀው የሃሪሰን ሕግ የግብር ሕግ ሆኖ ተጻፈ። ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱና ነጋዴው በገቢ መሥሪያ ቤት ተመዝግበው በዓመት 1 ዶላር ይከፍላሉ። ኦፒየም ወይም የኮካ ውጤት መግዛት የሚቻለው መንግሥት በሚሸጠው ማዘዣ ቅጽ ብቻ ነው፤ የቅጹ ቅጂ ለ2 ዓመት ይቀመጣል። በፈሳሽ አውንስ፣ ማለትም በ30 ሚሊ ሊትር ገደማ ውስጥ ከ2 ግሬን ኦፒየም (130 ሚሊ ግራም)፣ ከሩብ ግሬን ሞርፊን (16 ሚሊ ግራም)፣ ከ1/8 ግሬን ሄሮይን (8 ሚሊ ግራም) ወይም ከ1 ግሬን ኮዴይን (65 ሚሊ ግራም) ያልበለጠ የያዙ ሽሮፖች ከሕጉ ውጭ ሆነው ቀሩ። የፋብሪካዎች ደጅ ጥናት ውጤት ነው።

ሐኪም «በሙያው ሥራ ላይ ብቻ» ለታካሚው መስጠት ይችላል ይላል ሕጉ። ጣጣው የመጣው ከዚህች ሐረግ ነው። ሱሰኛን እንዳይታመም በየቀኑ ትንሽ ሞርፊን እየሰጡ ማቆየት የሙያ ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1919 ዌብ በተባለ የሜምፊስ ሐኪም ጉዳይ በ5 ለ4 ድምፅ አይደለም አለ። ከተሞች ክፍተቱን ለመሙላት ወደ 40 የሚጠጉ ክሊኒኮች ከፈቱ፤ የግምጃ ቤቱ ወኪሎች ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዘጓቸው። ሐኪሞች እየተከሰሱ ፈሩ፣ ታካሚው ወደ መንገድ ሻጭ ሄደ። እንግሊዝ በዚያው የሄግ ስምምነት ሥር ሆና በ1926 በሮለስተን ኮሚቴ ምክር መሠረት ማቆም ላልቻለ ሰው ሐኪም መስጠቱን ሕክምና ነው ብላ ፈቀደች። ዓለም አቀፉ ጽሑፍ አንድ ሆኖ የአገሮቹ ሕግ እንዲህ መራራቁ ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል፤ «ስምምነቱ ያስገድደናል» የሚል ባለሥልጣን ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

የጄኔቫው ሁለት ወረቀት

የመንግሥታቱ ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ሥራውን ሲረከብ ቁልፍ የሆነው ሰው የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ባልደረባ ማልኮም ዴልቪን ነበሩ። በ1925ቱ የጄኔቫ ስምምነት የጸደቀው አሠራር ይህን ይመስላል። አስመጪው ለራሱ መንግሥት ያመለክታል፤ መንግሥት የዕፁን ስም፣ መጠኑን፣ የላኪና የተቀባይን ስምና አድራሻ፣ የሚያበቃበትንም ጊዜ ጽፎ የማስመጫ ማረጋገጫ ይሰጠዋል። አስመጪው ይህን ለላኪው ይልካል፤ ላኪው ለእሱ መንግሥት ያቀርባል። የላኪው መንግሥት የማረጋገጫውን ቁጥርና ቀን የያዘ የመላኪያ ፈቃድ ያወጣል፤ አንዱ ቅጂ ከዕቃው ጋር ይጓዛል፣ ሌላው በቀጥታ ለአስመጪው መንግሥት ይሄዳል። ዕቃው ሲደርስ ተቀባዩ መንግሥት በትክክል የገባውን መጠን ጀርባው ላይ ጽፎ ይመልሳል። 500 ግራም ተልኮ 450 ከገባ 50ው የት እንደቀረ የሚጠየቅ አለ።

በዚህ ላይ ስምንት አባላት ያሉት ቋሚ ማዕከላዊ ቦርድ ተቋቋመ። አገሮች የገቢና የወጪ አኃዛቸውን ሩብ ዓመቱ በተዘጋ በአራት ሳምንት ውስጥ ይልካሉ። አንድ አገር ውስጥ ከመጠን ያለፈ ከተከማቸ ቦርዱ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ካልረካ ሌሎች እንዳይልኩለት ሊመክር ይችላል። በዚሁ ጉባኤ ግብፅ በዶክተር መሐመድ ኤል ጊንዲ በኩል ሐሺሽ እንዲከለከል ጠየቀች፤ የሕንድ ሄምፕ (ካናቢስ) ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ያኔ ነው። አሜሪካ ግን ተክሉ ከምንጩ ይገደብ የሚል ጥያቄዋ ስላልተሟላላት ጉባኤውን ረግጣ ወጣች። ቻይናም ተከተለቻት።

ወረቀቱ የማይዘው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በስምምነቱ ያልገባ አገር ነው። ናርደን የሚገኝ አንድ የሆላንድ የኬሚካል ፋብሪካ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከአገሩ ሕግ ሳይወጣ ብዙ ሄሮይንና ሞርፊን ወደ ኮንትሮባንድ ገበያ ላከ። ምዕራብ አውሮፓ ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ ኢስታንቡል ላይ ሦስት ፋብሪካዎች ተከፈቱ፤ የተዘጉት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቱርክ ወደ ስምምነቱ ስትገባ ነው። ሁለተኛው ኬሚስትሪ ነው። ዝርዝሩ ሞርፊንና ሄሮይን ካለ ፋብሪካው ቤንዞይልሞርፊን ይሠራል፤ ሞለኪውሉ ትንሽ ተቀይሯል፣ ወደ ሞርፊን መመለሱ ቀላል ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የለም። ዛሬ ፌንታኒልን በመሰሉ አዳዲስ ውሕዶች የምናየው ሩጫ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

የ1931ዱ ስምምነት ሁለቱንም ለመዝጋት ሞከረ። አገሮች የዓመት ፍላጎታቸውን አስቀድመው ይገምታሉ፤ ለሕክምናና ለምርምር፣ ወደ ሌላ መድኃኒት ለመቀየር፣ ለመጠባበቂያ። ግምት ላልላከ አገር፣ አባል ባይሆንም እንኳ፣ አራት አባላት ያሉት ተቆጣጣሪ አካል ራሱ ይገምትለታል። የፋብሪካዎች ምርት በእነዚህ ግምቶች ይታጠራል፤ ትርፍ ከተመረተ ከቀጣዩ ዓመት ይቀነሳል። ከኦፒየም ወይም ከኮካ አልካሎይድ የሚሠራ አዲስ ውሕድም የሕክምና ጥቅሙ እስኪረጋገጥ አይመረትም ተባለ። በቴክኒክ ረገድ ከሁሉም የተሻለው ስምምነት ይህ ይመስለኛል፤ ከሕጋዊ ፋብሪካ የሚፈሰውን በእርግጥ ደፍኗል። ንግዱ ግን አልቆመም፤ ቀድሞ በሻንጋይ በኋላም በሌላ ቦታ ወደ ድብቅ ቤተ ሙከራ ገባ። ወረቀት ወረቀት የሌለውን አይቆጥርም።

የ1961ዱ ነጠላ ስምምነት የቀደሙትን ጠቅልሎ ተክሎቹን ራሳቸውን፣ ማለትም ፖፒን፣ ኮካንና ካናቢስን በቁጥጥር ሥር አደረገ። የኮካ ቅጠል ማኘክ በ25 ዓመት ውስጥ እንዲቆም ተወሰነ፤ ቦሊቪያ በ2011 ከስምምነቱ ወጥታ በ2013 ቅጠሉን የሚመለከት ተአቅቦ (ይህን ግዴታ አልቀበልም የሚል መግለጫ) ይዛ ተመልሳ ገባች። ካናቢስም እጅግ አደገኛ ከተባሉት ዝርዝር የወጣው በታኅሣሥ 2020 በ27 ለ25 ድምፅ ነው።

ግምቱ ሲያንስ

የግምት ሥርዓቱ የተሠራው የሚበዛውን ለማጥመድ ስለሆነ የሚያንሰውን አያይም። ላንሴት በ2017 ባወጣው የኮሚሽን ሪፖርት መሠረት በዓለም ከሚሰራጨው በሞርፊን ልኬት 298.5 ቶን የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። አንዱ ምክንያት ቀላል ሒሳብ ነው። ብዙ አገሮች የሚቀጥለውን ዓመት ፍላጎት የሚገምቱት ባለፈው ፍጆታ ላይ ጥቂት ጨምረው ነው። ባለፈው ዓመት መድኃኒቱ ጠፍቶ ከነበረ ፍጆታው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ግምቱም ዝቅ ይላል፤ የካንሰር ሕመምተኛው ደግሞ በፓራሲታሞል ይሸኛል። ቦርዱና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያወጡት መመሪያ ሌሎች ሁለት ዘዴዎችንም ያቀርባል፤ በሕመምተኛ ቁጥር ወይም በተቋማት አገልግሎት ልክ መገመት። በዓመቱ መሐል ተጨማሪ ግምት መላክም ይፈቀዳል። እዚህ ላይ የአገር ቤት ተቆጣጣሪና የሆስፒታል ፋርማሲ መነጋገር ከዓለም አቀፉ ሕግ በላይ ይወስናል።

ጫት ለምን ከዝርዝሩ ቀረ

የእኛን አገር አንባቢ የሚነካው ጥያቄ ይህ ነው። በ1935 ስለ ጫት ሁለት ጥናቶች ለመንግሥታቱ ማኅበር አማካሪ ኮሚቴ ቀርበው ነበር፤ እርምጃ ግን አልተወሰደም። እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ ሱስ ማስያዝ አለማስያዙ አልነበረም። ጫት በተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ አውሮፕላን እስኪመጣ ከሐረር ጋራዎች፣ ከየመንና ከኬንያ ዙሪያ አልወጣም። ፋብሪካ የለውም፣ የታላላቅ መንግሥታትን ንግድ አልነካም፤ ስለዚህ በድርድሩ ላይ የሚጮህለትም የሚጮህበትም አልነበረም።

በ1950ዎቹ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ኤደን መግባት ሲጀምር የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር በ1957 ከለከለው። ቃሚው ከቅኝ ግዛቱ ወሰን ወጥቶ ላሕጅ እየሄደ መቃም ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክልከላው ተነሣ። የብሬንት የፊሊፒንስ ችግር በትንሹ ማለት ነው።

በ1980ዎቹ በጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን የተባሉ አነቃቂ ውሕዶች በ1971ዱ የሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ ውሕዶች) ስምምነት ሥር ገቡ፤ ቅጠሉ ግን አልገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም በ2006 ቅጠሉ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር አያስፈልገውም ብለዋል። እንግዲህ ነገሩ ለየአገሩ ተትቷል፣ ልዩነቱም የሰፋ ነው። እስራኤል ቅጠሉን ፈቅዳ ከእሱ የወጣውን ካቲኖን በካፕሱል መሸጥ ከልክላለች። ሳዑዲ ዓረቢያ ቅጠሉንም ትከለክላለች። አሜሪካ ውስጥ እርጥቡ ጫት ካቲኖን ስላለው ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ዝርዝር ይመደባል፤ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጥና አራተኛው ዝርዝር ውስጥ ይወድቃል። ይሁንና «አረንጓዴ ሻይ» ተብሎ በፖስታ የሚላክ ደረቅ ጫት ቤተ ሙከራ ገብቶ ጥቂት ካቲኖን ከተገኘበት ክሱ በከባዱ ይሆናል፤ «ደርቋል» ማለት አያድንም።

እንግሊዝ እስከ ሰኔ 2014 ድረስ በዓመት ወደ 2,560 ቶን ገደማ ጫት በሕጋዊ መንገድ ታስገባ፣ ከዚያም 2.8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ታክስ ትሰበስብ ነበር። የራሷ የዕፅ አማካሪ ምክር ቤት በ2013 መርምሮ አይከልከል ብሎ ነበር። መንግሥት ምክሩን ያልተቀበለበት ዋና ምክንያት ሆላንድ ከከለከለች ወዲህ ለንደን ወደ ሌላው አውሮፓ የሚተላለፍ ጫት መናኸሪያ እንዳትሆን በመሥጋት ነው። አሁን በእንግሊዝ ጫት ይዞ የተገኘ ሰው በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ጊዜ 60 ፓውንድ ቅጣት፣ ሦስተኛ ጊዜ እስርና ክስ ይጠብቀዋል። ወደ አገር ሲያስገባ የተያዘ ግን ይህ እርከን አይመለከተውም፤ ከመጀመሪያው ቀን በአስመጪነት ይከሰሳል።